«ሲ» የበዛበት ሰው ዶክተር መሆን ይችላል?

ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አናወራም። የዛሬው ጉዳያችን ማርክ ነው። አዎ፣ ማርክ! ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱ የሚጠይቁኝ የሳይንስ ውጤት ሳያምር ሕክምና ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚገባ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ በዚያው ለቀረ እንደኔ ላለ ሰው ይህን መጠየቅ ከበሬ ወተት እንደመጠበቅ ነው። ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እዚያው አገር ተምረው ሐኪም የሆኑ ሁለት ሐበሾችን በስልክ አስቸገርኩ፤ አንዷ ራሷ በወጣትነቷ ማርኳ የተበላሸባት ናት። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያወጣውን መመሪያም መዝገበ ቃላት ይዤ አገላበጥኩ። እንግዲህ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ደብዳቤውን፣ አሳጥሬ፦

«ስሜን አታውጣብኝ። 27 ዓመቴ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ የመጣሁት በ19 ዓመቴ ነው። አክስቴ ጋር ስድስት ወር ተቀመጥኩና የራሴን ክፍል ተከራየሁ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ከዚያ ዩኒቨርስቲ ገብቼ በባዮሎጂ ዲግሪዬን ይዣለሁ። ሐሳቤ ሕክምና ነው። ነገር ግን ከመጣሁ ጀምሮ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ እሠራለሁ። ደብል እየገባሁ በሳምንት 60 ሰዓት የሠራሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ኬሚስትሪ ክፍል እገባ ነበር። ጂፒኤዬ 2.9 ነው፤ ሳይንሱ ብቻውን ሲሰላ 2.6። ፊዚክስ ሲ፣ ኦርጋኒክ አንድ ሲ፣ ኦርጋኒክ ሁለት ሲ ማይነስ…

«በየወሩ ለእማዬ 300 ዶላር እልካለሁ። ግማሹ የቤት ኪራይ ነው፤ ግማሹ የወንድሜ የግል ኮሌጅ ክፍያ። ወንድሜ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። እማዬ ‹ልጄ ሜዲስን ላይ ናት› ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ቡና ላይ ‹የዶክተሯ እናት› ነው የሚሏት። ባለፈው ‹ስንት ዓመት ቀረሽ?› ብትለኝ ‹ሁለት› አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

«አሁን ያሰብኩት በሚመጣው ሴሚስተር ሲ ያመጣሁባቸውን አራት ኮርሶች አንድ ላይ ደግሜ፣ ኤምካት ተፈትኜ፣ በሰኔ ማመልከት ነው። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። አራቱን አትመዝገቢ። ይቅርብኝም አትበይ። አንድ ኮርስ ብቻ ውሰጂ። ከዚያ በፊት የሥራ ሰዓትሽን ቀንሺ፤ ከዚያም በፊት ለእናትሽ ደውዪ። አሁን ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ግን ይህን ጋዜጣ አዲስ አበባ ሆነው ለሚያነቡ እናቶች አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ሕክምና የሚገባው ከ12ኛ ክፍል ፈተና ተነስቶ ነው። አሜሪካ እንደዚያ አይደለም። ልጅቱ መጀመሪያ አራት ዓመት ተምራ በባዮሎጂ ይሁን በሌላ ትምህርት ዲግሪ መያዝ አለባት። ከዚያ ኤምካት የሚባል ፈተና ተፈትና ታመለክታለች። ከተቀበሏት ሌላ አራት ዓመት፣ ከተመረቀች ደግሞ እንደ ሙያው ዓይነት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ እየሠራች ትሠለጥናለች። «ፕሪ ሜድ ነኝ» ስትላችሁ በሩ ላይ ቆማ እያንኳኳች ነው ማለት ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ አልገባችም። ብዙ ልጆች ይህንን ለማስረዳት ሲሞክሩ ስልኩ ላይ ካርድ ያልቃል፣ ወይም ጎረቤት ይመጣል፣ ወይም እናት «በቃ ጌታ ይርዳሽ» ብላ ትዘጋዋለች። ልጅቷ ዋሽታ ሳይሆን እናንተም ተሳስታችሁ ሳይሆን፣ ነገሩ መሐል ላይ ጠፍቶ ይቀራል።

ወደ ማርኩ ልመለስ። እህቴ፣ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪና አብረን እናስላ። እኔ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አልነበርኩም፤ ይህቺን ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሜ አይቻታለሁ።

የሳይንስ ኮርሶችሽ 40 ክሬዲት ናቸው እንበል። 40 በ2.6 ሲባዛ 104 ነጥብ ነው። አሁን ያሰብሽውን እናድርግ፦ አራት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 4 ክሬዲት፣ በድምሩ 16። ሌሊት እየሠራሽ አራቱንም «ቢ» አመጣሽ እንበል። እንዲያውም ጀግና ነሽ! 16 በ3 ሲባዛ 48። 104 ላይ ሲደመር 152፣ ለ56 ክሬዲት ሲካፈል 2.71 ይመጣል። አሁን ደግሞ አንድ ኮርስ ብቻ ወስደሽ «ኤ» አመጣሽ እንበል። 4 በ4 ሲባዛ 16። 104 ላይ ሲደመር 120፣ ለ44 ሲካፈል 2.73።

አየሽ? አንዲት «ኤ» አራት «ቢ»ዎችን በለጠች። ገንዘቡም ሩብ ነው፤ እንቅልፉም ከዚያ ይበልጣል። ሁለቱም ሐኪሞች ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ነገር ነው የነገሩኝ፦ የተበላሸ ማርክ ያለው ሰው ከዚህ በኋላ «ቢ» መግዛት የለበትም። ማርኳን የጠገነችው ሐኪም እንዲያውም ሳቅ ብላ «ቢ ለሌሎች ጥሩ ማርክ ነው፤ ለእኔ ቅጣት ነበር» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ ብቻውን ሰማይ አይወጣም። 30 ክሬዲት በሙሉ «ኤ» ብታመጪ ሳይንሱ ከ2.6 ወደ 3.2 ይደርሳል። አጠቃላዩ ደግሞ፣ እስካሁን የያዝሽው 120 ክሬዲት ከሆነ፣ ከ2.9 ወደ 3.12 ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ኤምዲ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የገቡት ተማሪዎች አማካይ 3.8 ገደማ ነው። ይህን ሳነብ ለአንቺ ደነገጥኩ። ግን አማካይ ማለት ከዚያ በታች ሆነው የገቡም አሉ ማለት ነው አይደል? ደግሞም የመቀበያው ኮሚቴ የሚያየው ድምሩን ብቻ አይደለም። ማመልከቻው ማርኩን በየዓመቱ ነጥሎ ነው የሚያሳየው፤ ከዲግሪ በኋላ የወሰድሻቸው ኮርሶችም በራሳቸው መስመር ይወጣሉ። ከላይ ሲ፣ ሲ፣ ሲ ማይነስ፤ ከታች ሁለት ዓመት ሙሉ ኤ፣ ኤ፣ ኤ… እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያነብ ሰው «ይህቺ ልጅ ምን ደርሶባት ነበር? አሁንስ ምን ለወጠች?» ብሎ ይጠይቃል። የአንቺ ሥራ ያንን ጥያቄ እንዲጠይቁ ማድረግ ነው።

አሁን ሐበሻ ሰፈር ቡና ላይ ስለሚወራው ወሬ ላንሳ። «ኮርሱን ከደገምሽው አሮጌው ማርክ ይፋቃል» ያለሽ ሰው አለ። ዩኒቨርስቲሽ ሊፍቅልሽ ይችላል። አምካስ የሚባለው የማመልከቻ ማዕከል ግን አይፍቅም፤ ሁለቱንም ያስገባል። ኦርጋኒክ ሁለት ላይ ያለሽ ሲ ማይነስ 1.7 ነው፤ ደግመሽ «ኤ» ብታመጪ የሁለቱ አማካይ 2.85 ይሆናል እንጂ 4 አይሆንም። ወሬው ግን ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። ዲኦ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች፣ ተመራቂዎቻቸው እንደ ኤምዲዎቹ ሙሉ ሐኪም የሚሆኑት ማለት ነው፣ በእነርሱ ማመልከቻ አዲሱ ማርክ አሮጌውን ይተካ ነበር። ይህ በ2017 ቀርቷል። ምክሩን የሰጠሽ ሰው ከዚያ በፊት የገባ ከሆነ አልዋሸሽም፤ ጊዜው ነው ያለፈበት።

እንግዲያው የትኛው ይደገም? ሲ ማይነሱን ድገሚ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለግዴታ ኮርስ ከሲ በታች አይቀበሉም። ሲዎቹን ግን ተያቸው። እነርሱን ለመድገም የምታወጪውን ገንዘብና ጊዜ ወደ ላይኞቹ ኮርሶች ውሰጂው፦ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ሴል ባዮሎጂ። ኦርጋኒክ ላይ ሲ ያለው ሰው ባዮኬሚስትሪ ላይ ኤ ካመጣ ኦርጋኒኩ ገብቶታል ማለት ነው፤ አንባቢውም ይህንን ያውቃል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ርካሽ ነው፣ አንቺም አንዴ ተምረሽበታል፤ የላይኞቹን ግን አቅምሽ ከፈቀደ አራት ዓመት በሚያስተምር ዩኒቨርስቲ ውሰጂያቸው። አስተማሪውንም ፊት ለፊት ተቀምጠሽ እንዲያውቅሽ አድርጊ፤ በኋላ ስለ አንቺ ደብዳቤ የሚጽፈው እርሱ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፣ ተጠንቀቂ። አንደኛው «ነርሲንግ ልማርና ማርኬን ላሳድግ» የሚለው ነው። ነርስ መሆን ከፈለግሽ ክቡር ሙያ ነው፣ ተማሪው። ግን አምካስ የሳይንስ ማርክ የሚለው ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ሒሳብን ነው። የነርሲንግ ኮርሶች በጤና ሳይንስ መደብ ነው የሚቆጠሩት፤ መቶ «ኤ» ብታመጪበት ያቺ 2.6 ንቅንቅ አትልም። ሁለተኛው ማስተርስ ነው። የማስተርስ ማርክ ለብቻው ነው የሚሰላው፤ የዲግሪውን አያነሳም። እንደ ጆርጅታውን ዩኒቨርስቲው ያለ፣ ተማሪዎች የሕክምና አንደኛ ዓመት ኮርሶችን የሚወስዱበት የአንድ ዓመት ልዩ ፕሮግራም አለ፤ ለአንዳንድ ሰው በር ከፍቷል። ግን ውድ ነው፣ እዚያ ላይ ከወደቅሽ ደግሞ የሚያነሳሽ የለም። አሁን የአንቺ ቦታ አይደለም። ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከማርኩ የሚከብደው ሌሊቱ ነው።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ኬሚስትሪ አይገባኝም» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። 60 ሰዓት ግን አለ። ዩኒፎርሙ አለ። 300 ዶላር አለ። ማርክሽን ያበላሸው ጭንቅላትሽ አይመስለኝም፤ ሰዓትሽ ነው። ሰዓቱ ሳይቀየር ኮርሱን መድገም ያው ልብስ በዚያው በጭቃ ውኃ ማጠብ ነው። ስለዚህ 60ውን 40 አድርጊው፣ ከተቻለ 32። ሥራውን ግን ጨርሰሽ አትልቀቂ! የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ በማመልከቻ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ሌሎች ልጆች በሽተኛ ለማየት በፈቃደኝነት ሆስፒታል ይለምናሉ፤ አንቺ ስምንት ዓመት ሙሉ በሽተኛ አገላብጠሻል፣ አጥበሻል፣ ሲሞትም አጠገቡ ነበርሽ። በማመልከቻው ላይ በሕይወት ስለደረሰብሽ ችግር የምትጽፊበት ቦታም አለ። ስንት ሰዓት እንደሠራሽ፣ ለማን እንደላክሽ በቁጥር ጻፊ። ማልቀስ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

20 ሰዓት ስትቀንሺ ገንዘብ ይቀንሳል። ስለዚህ ስልኩ።

«እማዬ፣ እስካሁን የተማርኩት ለሕክምና መግቢያ የሚሆነውን ነው፤ ሕክምና ገና አልገባሁም። ሁለት ዓመት ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ለመግባት ብቻ ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረኛል። እስከዚያ በየወሩ 300 መላክ አልችልም፤ 150 እልካለሁ።» ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አታብዢ፤ ከዚህም አታሳጥሪ። እናትሽ ዝም ልትል ትችላለች። «ሰው ምን ይላል?» ልትልም ትችላለች። ለሰፈሩ የተናገረችው እርሷ ናት፤ ቡና ላይ አንገቷን የምትደፋውም እርሷ ናት። ይህ ቀላል አይደለም፣ አልዋሽሽም። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ «የምርቃቱ ቀን መቼ ነው? ቪዛ ልጠይቅ» ብላ ስትደውልልሽ ከሚሆነው ይቀላል። 150ው ኪራዩን ይሸፍናል ብለሻል። ለወንድምሽም ለብቻው ደውዪለት። የቀረው አንድ ዓመት ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሥራ ፈልጎ ግማሹን ክፍያ መሸከም ይችላል። ለምን ስለ እርሱ መሥራት መቻል ማንም እንዳላነሳ ግን አልገባኝም። እህቱ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ክፍል ስትገባ እርሱ ሳምንት ሙሉ ነፃ ከሰዓት አለው? ይቅርታ፣ ይህቺን ከሆዴ ነው የጻፍኳት።

እናትየዋ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ ደግሞ፦ እማማ፣ ልጅዎ አልሰነፈችም። እርስዎ የሚኖሩበት ቤት ኪራይ የተከፈለው ከእርሷ ማርክ ላይ ተቀንሶ ነው። ይህንን የምልዎት ልወቅስዎት ሳይሆን፣ «ስንት ዓመት ቀረሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ ያቆዩላት ዘንድ ነው።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልጨምር። ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት አይሰጠውም፤ ስለዚህ የኮርሱ ክፍያ በአብዛኛው ከኪስሽ ወይም ከብድር ነው። አንድ አንድ ኮርስ ውሰጂ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ለፈተናውና ለማመልከቻው ግን ማኅበሩ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካቾች የክፍያ ድጋፍ አለው፤ የኤምካት ዋጋ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውም ክፍያ እስከ 20 ትምህርት ቤቶች ድረስ በነፃ ይሆናል። ጠይቀሽ ሲፈቀድልሽ ብቻ ነው መክፈል ያለብሽ፤ ከከፈልሽ በኋላ ተመላሽ የለም። ከዚያ ወዲያ ስላለው የሕክምና ትምህርት ብድር ደግሞ ሕጉ እንደተቀየረ እወቂ፦ በፈረንጆቹ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሚያገኘው የመንግሥት ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል። «ብድሩ ሁሉን ይችለዋል» የሚለውም ወሬ እንግዲህ አርጅቷል። የትምህርት ቤቱን ዋጋ ገና ከማመልከትሽ በፊት ማየት አለብሽ።

ኤምካትን በዚህ ሰኔ አትፈተኚ። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፤ የገቡት አማካይ 512 አካባቢ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰባት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፈተና ነው፤ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ አያስፈትኑም፣ የተፈተንሽው ደግሞ ይታያል። ባዮኬሚስትሪ ሳትወስጂ መግባት ራስን ማስገረፍ ነው። የእኛን ልጆች የሚያስቸግራቸው ደግሞ ሳይንሱ ሳይሆን የንባብ ክፍሉ ነው አሉኝ፤ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ታሪክ ረጅም ጽሑፍ ያነበብሽና ጸሐፊው ምን ማለቱ እንደሆነ ትመልሻለሽ። ይህ በሁለት ወር አይገኝም። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አስቸጋሪ እንግሊዝኛ አንብቢ፤ የሌሊት ሥራ ላይ አረጋውያኑ ሲተኙ እንኳ ይሆናል።

ስለዚህ ጉዞው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ኦርጋኒክ ሁለት ብቻ። ሁለተኛው ላይ ሁለት ኮርስ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ እንደ አቅምሽ ሁለትም ሦስትም። ሁለት ዓመት ሲሞላ ወደ 30 ክሬዲት ይኖርሻል። በዚያው የመጨረሻ ጸደይ ኤምካት፣ በሰኔ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ መግባት። 30 ዓመትሽ ይሆናል። ባታመለክቺም 30 ዓመት መሙላትሽ አይቀርም።

ግን አንድ ልጓም አብጂ። ሰዓትሽን ቀንሰሽ፣ ተኝተሽ፣ አጥንተሽ፣ ሁለት ሴሚስተር በተከታታይ «ኤ» ካልመጣ ቁሚ። ሦስተኛውን አትክፈይ። ያኔ ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ… ቁጭ ብለሽ ማሰብ ነው። ዶክተር ያልሆነ ሰው ሁሉ የወደቀ አይደለም፤ ግን የማያልቅ ኮርስ እየከፈሉ አሥር ዓመት መቀመጥ አለ፣ አይቻለሁም።

በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ «ኤምካት የማይጠይቅ የካሪቢያን ደሴት ትምህርት ቤት ደወለልኝ» ብለሻል። እነርሱ መቼም መደወል አይሰለቻቸውም! ከዚያ ተመርቀው በደንብ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ዲግሪው ብቻውን አሜሪካ ውስጥ አያሠራም፤ የሆስፒታል ሥልጠና ቦታ ማግኘት አለብሽ። በ2024 የአሜሪካ ኤምዲ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ከመቶ 93 በላይ ቦታ ሲያገኙ፣ ውጭ ተምረው የተመለሱ አሜሪካውያን ግን ከመቶ 67 ናቸው። ይህም መሐል ላይ ያቋረጡትን ሳይቆጥር ነው። እዳው ግን ለሁሉም እኩል ነው። በ2.6 ሳይንስ እና በ60 ሰዓት ሥራ ወደዚያ መሄድ፣ ያልተጠገነ መኪና ይዞ አባይ በረሃ መውረድ ነው። መጀመሪያ ጠግኚው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከቨርጂኒያ ነው። የ34 ዓመት ሰው ናቸው። አገር ቤት ጤና መኮንን ሆነው ሠርተዋል፣ በዲግሪ። እዚያ ከሄዱ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ግሪን ካርድ አላቸው። «የኢትዮጵያ ማርኬ 3.6 ነው፤ ይህንን አስተርጉሜ በቀጥታ ለሕክምና ባመለክት?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ የእርስዎ ችግር ከእህታችን የተለየ ነው። የእርሷ ወረቀት የተሰረዘ የተደለዘ ነው፤ የእርስዎ ባዶ ነው። አምካስ ከውጭ አገር የመጣ ማርክ ወደ ጂፒኤው አያስገባም። 3.6ዎ ዲግሪ እንዳለዎት ያሳያል እንጂ በቁጥር አይታይልዎትም። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም የግዴታ ሳይንሶቹን አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ ተምረው እንዲያመጡ ይጠይቃሉ፤ 90 ክሬዲት ድረስ የሚሉም አሉ። ስለዚህ ማስተርጎሚያውን ከመክፈልዎ በፊት ሊያመለክቱ ያሰቧቸውን አምስት ስድስት ትምህርት ቤቶች የመቀበያ ደንብ ያንብቡ፤ ካልገባዎት በጽሑፍ ይጠይቋቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ባዶ ወረቀት ዕድልም ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው እርስዎ የሚያመጡት ነው። አገር ቤት ያወቁትን ባዮሎጂ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብለው አይናቁት፤ ቋንቋው፣ የፈተናው ዓይነት፣ የላብራቶሪ ሪፖርቱ ሌላ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብተው በአንድ ሴሚስተር አንድ ሳይንስና አንድ እንግሊዝኛ ይጀምሩ። አራት ልጆች አሉኝ ብለዋል፤ ባለቤትዎም ይሠራሉ። ከምዝገባው ቀን በፊት ማን ልጆቹን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣ በየቀኑ ስም እየጠሩ ይነጋገሩ። «እንደምንም እንሆናለን» የሚባለው ነገር እዚያ አገር ላይ ሲ ማይነስ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ጓደኛዎ ደግሞ ከጎንደር በሕክምና ዶክትሬት የተመረቀ ሐኪም ነው ብለዋል። እርሱ ከእርስዎ ጋር አብሮ ኮርስ እንዳይመዘገብ! የእርሱ መንገድ የውጭ ተመራቂ ሐኪሞች ማረጋገጫና የፈቃድ ፈተናዎቹ ናቸው፤ ኬሚስትሪ ከሀ መጀመር አያስፈልገውም።

የኤምካት መጽሐፍ ገዝተው እንደጀመሩም ጽፈዋል። ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት አይቀበሉም፤ ዛሬ ቢፈተኑ ኮርሱን ሲጨርሱ ውጤቱ አርጅቶ ይጠብቅዎታል። ይልቅ የሚቀጥለው ምዝገባ ሳያመልጥዎት የሒሳቡንና የእንግሊዝኛውን የምደባ ፈተና ይጨርሱ።